የሰም ትል ንብ ገደለ ብዬ የጻፍኩት ሪፖርት

 

ባለፈው ሳምንት አንድ ወንድማችን በውስጥ መስመር ሦስት ፎቶ ላከልኝ። የመጀመሪያው ክዳኑ የተከፈተ ሳጥን ቀፎ ነው። ፍሬሞቹ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ነገር ተጋግሮባቸዋል። በሁለተኛው ፎቶ አምስት ስድስት ነጫጭ ትሎች በመዳፉ ይዟል። ሦስተኛው የቀፎው ወለል ነው፤ ኑግ የተደፋበት ይመስላል። ከሥሩ የጻፈው አንዲት መስመር ናት፦ «ይሄ ትል ንቤን ጨረሰብኝ፣ ምን ልርጭበት?»

መልሱን ወዲያው ልጽፍለት ስል እጄ ቆመ። ይቺኑ ጥያቄ የዛሬ 11 ዓመት አንዲት እናት ጠይቀውኝ፣ የተሳሳተ መልስ ሰጥቻቸው ነበር። ስህተቴ ሁለት በግ አስከፍሏቸዋል። ስለዚህ ዛሬ ለዚያ ወንድማችን ብቻ ሳይሆን ለሁላችሁም ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ግን ቀፎ ያለው ሰው እስከ መጨረሻው ያንብበው።

ያኔ ከኮሌጅ ወጥቼ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ምዕራብ ጎጃም ውስጥ አንድ ወይና ደጋ ቀበሌ ተመድቤ ነበር። ዘመናዊ ቀፎ የማዳረስ ኮታ ነበረብን። እኒህ እናት ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሦስት ልጅ የሚያሳድጉ ናቸው። እኔው ራሴ አሳምኛቸው ሁለት ቀፎ በብድር ወሰዱ። ንቡን ከጎረቤት ገዝተን አስገባንላቸው። ክረምቱን ደህና ከረመ፤ መጭና አደይ አበባው ሲፈካ ንቡ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮህ ጀመር።

በጥቅምት መጨረሻ ማር ቆረጥን። ከሁለቱ ቀፎ 31 ኪሎ ወጣ። እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። ከላይኛው ሳጥን ብቻ መውሰድ ሲገባኝ፣ ከታችኛውም፣ እጩ ካለበት ዳርና ዳር ሁለት ሁለት ፍሬም ማር አወጣሁ። ለምን? ሪፖርት ላይ የሚጻፈው ኪሎ ነዋ! እሳቸው አጠገቤ ቆመው «ልጄ፣ ለነሱስ አይቀርላቸውም?» አሉኝ። እኔም እየሳቅሁ «ዘመናዊ እኮ ነው እትዬ፣ መልሶ ያመጣል» አልኳቸው። ዘመናዊው ሳጥኑ ነበር እንጂ ንቡማ ያው የአባቶቻችን ንብ ነው። አበባ ከሌለ ከየት ያመጣል?

የካቲት ላይ ደወሉልኝ። «ንቡ ቀዝቅዟል፤ ማታ ማታ ደግሞ አመድማ ቢራቢሮ እበሩ ላይ ትዞራለች» አሉኝ። እኔ በተፋሰስ ሥራ ተወጥሬ ነበር። «መጣሁ መጣሁ» እያልኩ ሦስት ሳምንት አለፈ። ስደርስ አንዱ ቀፎ ባዶ ነው። ሌላው ውስጥ አንድ ጭብጥ የማትሞላ ንብ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። የቀረው ሁሉ ድር፣ ትልና ጥቁር ኩስ ነው። «ምን ልርጭበት?» አሉኝ። እኔም እንደ አዋቂ ራሴን ነቅንቄ «በቃ፣ የሰም ትል ነው የገደለው። ተባይ ነው፣ ምን ይደረጋል» አልኩ። ሪፖርቱም ላይ «በተባይ ጉዳት ምክንያት 2 ኅብረ ንብ ጠፍቷል» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩበት። በዚያ ዓመት ብድሩን ለመክፈል ሁለት በግ ሸጡ።

ጎረቤታቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አሥራ ምናምን ባህላዊ ቀፎ አላቸው፤ ከፊሉ ጓሯቸው፣ ከፊሉ ወንዙ ዳር ዋንዛ ላይ ተሰቅሏል። ያን ቀን አጥር ላይ ተደግፈው ስናገር ሲሰሙ ኖሮ ስወጣ ጠሩኝ። «ልጄ» አሉኝ፣ «ሜዳ ላይ በሬ ሞቶ ጥንብ አንሳ ሲወርድበት ብታይ፣ በሬውን ጥንብ አንሳ ገደለው ብለህ ትጽፋለህ?»

መልስ አልነበረኝም። እጄን ይዘው ወደ አንዱ ቀፏቸው ወሰዱኝና «ዝም ብለህ በሩን እይ» አሉኝ። ንቡ ይገባል፣ ይወጣል። ትንሽ ቆይቶ ሁለት ንቦች አንዲት ነጭ ትል እየጎተቱ በሩ ላይ ወጡ። ትንሽ ታገሉና መሬት ጣሏት። ዶሮዋ መጥታ ለቀመቻት። «እኔም ጋ አለ» አሉኝ ሽማግሌው። «ትሉማ ሁሉም ጋ አለ። ጥያቄው ማን ቤቱን ይጠብቃል ነው።»

የዚያኑ ቀን ከሞተው ቀፎ አንድ ጥቁር የሰም እንጀራ ከነትሉ ቆርጬ በማርማላታ ጠርሙስ ይዤ ወደ ማደሪያዬ ሄድኩ። መጽሐፉን ፈተና ለማለፍ አንብቤው ነበር፤ ትሉን ራሱን ግን አንድም ቀን ተቀምጬ አይቼው አላውቅም። እስከ ሰኔ ድረስ ማታ ማታ በባትሪ እያየሁት ከረምኩ። ያየሁትንና በኋላ ያነበብኩትን አንድ ላይ አድርጌ ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ስለ ቢራቢሮዋ። ትክክለኛ ስሟ የሰም የእሳት እራት ነው። ሁለት ዓይነት አለች፤ ትልቋና ትንሿ። «ትልቋ» ስላችሁ ብዙ አትጠብቁ፤ ክንፏን አጥፋ ስትቀመጥ የጣት አንድ አንጓ ብታክል ነው። ቀለሟ አመድማ ነው፤ ቡናማ ነገር ጣል ጣል ያለበት። ክንፏን እንደ ቤት ጣሪያ ጀርባዋ ላይ አጋድማ ትቀመጣለች። የቀፎ እንጨት ወይም የዛፍ ልጥ ላይ ስታርፍ ስንጥር ትመስላለች እንጂ ነፍስ ያላት አትመስልም። ትንሿ ደግሞ ብርማ ግራጫ ናት፤ ጭንቅላቷ ወደ ቢጫ ይወስደዋል። ቀፎ ስትከፍቱ ሁለቱም ቶሎ አይበሩም፤ መጀመሪያ በእግራቸው ሮጠው ጨለማ ጥግ ነው የሚፈልጉት።

አንድ የገረመኝ ነገር አለ። ቢራቢሮዋ ራሷ ምንም አትበላም። አፏ ለመብላት የሚሆን አይደለም። ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ዕድሜዋ የምትኖረው ትል ሆና በበላችው ነው። ሥራዋ መገናኘትና መውለድ ብቻ ነው። ወንዱ ሴቷን የሚጠራው እኛ በማንሰማው ቀጭን ድምፅ ነው። ስለ ጆሯቸውማ ጉድ ነው የተጻፈው፦ በ2013 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ የስትራትክላይድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ትልቋ የሰም የእሳት እራት እስከ 300 ኪሎ ኸርዝ ድረስ እንደምትሰማ አረጋገጡ። የሰው ጆሮ 20 ላይ ያበቃል። በእንስሳት ሁሉ እስካሁን ከተለካው ከፍተኛው ይህ ነው። የሌሊት ወፍ እሷን ለመብላት ስትመጣ አስቀድማ እንድትሰማ የሚረዳት ነገር ነው ይባላል። ይቺ የምንንቃት አመድማ ነገር!

ጀምበር ስትጠልቅ ሴቷ ቀፎ ዙሪያ ትዞራለች። በሩ ላይ ጠባቂ ከበዛ ትመለሳለች፤ ከሳሳ ሹልክ ትላለች። ካልቻለችም ከውጭ በኩል ስንጥቅ ፈልጋ ትወልዳለች። እንቁላሏን የምታስቀምጠው ንቦቹ በማይደርሱበት ቀጭን ክፍተት ነው፤ የሳጥኑ መገጣጠሚያ፣ የክዳኑ ሥር፣ የፍሬሙ ጆሮ። አንዷ ሦስት መቶ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትጥላለች። እንቁላሉ ከጤፍ ፍሬ ያንሳል፤ ነጣ ያለ፣ አንዳንዴ ሮዝ የሚያጠቅስ ነው። ዓይን ካልሰላ አይታይም።

ሙቀት ባለው ቀፎ ውስጥ እንቁላሉ ከ3 እስከ 5 ቀን ይፈለፈላል። እኔ ጠርሙስ ውስጥ፣ ክፍሌ ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ አሥር ቀን ያህል ፈጀ። የሚወጣው ትል እንደ ክር ጫፍ የቀጠነ ነው፤ ፍጥነቱ ግን አይጣል ነው። ወዲያው ሰሙን ሰርስሮ ወደ እንጀራው መሃል ይገባል። እየበላ ይሄዳል፣ እየሄደ ከኋላው ሐር ይፈትላል። ያ የሸረሪት ድር የመሰላችሁ ነገር ሸረሪት የሠራው ሳይሆን የትሉ መንገድ ነው። ሐሩ ጣሪያ ይሆነዋል፤ ንቧ ልትነክሰው ብትመጣ በሐሩ ሥር ሹልክ ይላል። ኑግ የመሰለው ጥቁር ነገር ደግሞ ኩሱ ነው።

ምን እንደሚበላ ልብ በሉ፤ ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ስሙ የሰም ትል ይባል እንጂ ንጹሕ ነጭ ሰም ብቻውን አያሳድገውም። ጠርሙሱ ውስጥ አንድ ቁራጭ አዲስ ነጭ ሰምና አንድ ቁራጭ ጥቁር አሮጌ እንጀራ አብሬ አስቀምጬ ነበር። ትሎቹ ሁሉ ጥቁሩ ላይ ተከማቹ። ምክንያቱም በጥቁሩ እንጀራ ውስጥ ስንት ትውልድ እጭ አድጎ ወጥቶበታል፤ የእጮቹ ሽፋን፣ የአበባ ዱቄት፣ ቆሻሻ ሁሉ ተጣብቆበታል። ትሉን የሚያወፍረው እሱ ነው። እጭ ያልተፈለፈለበት የማር እንጀራ ብዙም አይደፈርም፤ አሮጌ የእጭ እንጀራ ግን ለሱ ድግስ ነው።

ሞቆ ምግብ ከሞላለት በአንድ ወር ገደማ፣ ሲቀዘቅዝና ሲያጥረው እስከ አምስት ወር ድረስ ትል ሆኖ ይቆያል። የእኔዎቹ ሁለት ወር ያህል ፈጅተዋል። ሙሉ ሲያድግ ወደ ሦስት ሳንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ነጭ ወይም ግራጫ ገላ፣ ቡናማ ራስ። ብዙ ሆነው አንድ ቦታ ሲከማቹ ራሳቸው ሙቀት ያመነጫሉ። እጄን ጠርሙሱ ላይ ሳደርግ ሞቅ ሲለኝ ደንግጬ ነበር።

ከዚያ የመጨረሻው ደረጃ ይመጣል። ትሉ መብላቱን ትቶ ጠንካራ እንጨት ይፈልጋል። እንጨቱን በአፉ ፍቆ ታንኳ የመሰለች ጎድጓዳ ያበጃል፣ ከዚያ ውስጥ ተኝቶ ራሱን በወፍራም ነጭ ሐር ይሸፍናል። ባለሙያዎች ፑፓ የሚሉት ደረጃ ይህ ነው። አሮጌ ፍሬም ላይ ተደርድረው የምታዩዋቸው የጥፍር ጭረት የሚመስሉ ጉድጓዶች የዚህ ምልክት ናቸው። ሲሞቅ ከሳምንት በላይ፣ ሲቀዘቅዝ እስከ ሁለት ወር ይተኛል። ከዚያ አንድ ማታ ሐሩን ቀዶ አመድማዋ ቢራቢሮ ትወጣለች፤ ነገሩም እንደገና ይጀምራል። ከእንቁላል እስከ ቢራቢሮ በሙቀት ስድስት ሳምንት፣ በብርድ እስከ ስድስት ወር ማለት ነው። ቆላ ላይ ያላችሁ ከደጋው ሰው ይልቅ ቶሎ ቶሎ ቀፎ ማየት ያለባችሁ ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። መጀመሪያ ትሎቹን ያመጣኋቸው በላስቲክ ከረጢት ጠቅልዬ ነበር። ማደሪያዬ ስደርስ ከረጢቱ ወንፊት ሆኗል፤ ትሉ ቦርሳዬ ውስጥ ይሄዳል። «የኔ ነገር፣ የተቀደደ ላስቲክ ይዤ» ብዬ ራሴን ወቀስኩ። ከዓመታት በኋላ ነው ያነበብኩት፦ ስፔን ውስጥ ትሠራ የነበረች ፌዴሪካ ቤርቶኪኒ የምትባል ጣሊያናዊት ተመራማሪ፣ ራሷም ንብ አናቢ፣ ከቀፎዋ የለቀመቻቸውን ትሎች በላስቲክ ከረጢት አስቀምጣ ከረጢቱ ተበሳስቶ አገኘችው። እሷ ግን እንደኔ ራሷን ወቅሳ አልተወችውም፤ መረመረችው። በ2017 እ.ኤ.አ. ትሉ ላስቲክ እንደሚያፈርስ ከባልደረቦቿ ጋር አሳተመች። በ2022 ደግሞ ላስቲኩን የሚያፈርሰው ምራቁ ውስጥ ያለ ነገር መሆኑን አሳወቁ። ለእኛ የሚጠቅመን ትምህርት ግን ቀላል ነው፦ ትል የገባበትን እንጀራ በፌስታል ቋጥራችሁ ጓዳ አታስቀምጡ። ወጥቶ ይጠብቃችኋል።

አሁን ወደ ሽማግሌው ነገር ልመለስ። ጠርሙሱን ይዤላቸው ሄጄ «ይሄ ፍጥረት ግን ምን ይሠራል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ጫካ ገብተህ አታውቅም?» አሉኝ። ዛፍ ቀዳዳ ውስጥ የኖረ ንብ ሲሞት ወይም ሲኮበልል አሮጌው እንጀራ እዚያው ይቀራል። የታመመ ንብ ከነበረም በሽታው እዚያው ነው። ይቺ ትል ገብታ ያንን ሁሉ በልታ ታጸዳዋለች። ከዚያ ሌላ መንጋ ሲመጣ ባዶ ቤት ያገኛል። ሽማግሌው በዚህ ቋንቋ አይደለም የነገሩኝ፤ «የጫካ ጠራጊ ናት» ነው ያሉት። ሳይንሱም የሚለው ይኸንኑ ነው። ሥራዋ የተተወ ቤት ማጽዳት ነው። ችግሩ የእኛ ቀፎ ገና ሰው ሳይወጣበት የተተወ ቤት ሲመስል ነው።

ታዲያ ያን ዓመት የእኒያን እናት ንብ ምን ገደለው? እኔ ነኝ። የበጋ ስንቁን ወሰድኩበት። የተራበ ንብ እጭ አያሳድግም፣ እጭ ከሌለ ተተኪ የለም፣ ተተኪ ከሌለ እንጀራውን የሚሸፍን የለም። በዚያ ላይ የላይኛውን ሳጥን ሳላነሳ ትቼው ሄድኩ፤ ሁለት ፎቅ ቤት ለአንድ ጭብጥ ንብ! ያልተሸፈነ ጥቁር እንጀራ፣ ሙቀት፣ ጠባቂ የሌለው በር። ትሉ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሰምና ወርቅ የሚባለውን ታውቁ የለ? እኔ ሰሙን አይቼ ወርቁን ሳትኩ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ባጭሩ እነዚህን ያዙልኝ።

አንደኛ፣ ለንቡ ስንቅ ተዉለት። ከታችኛው ሳጥን፣ እጭ ካለበት፣ ማር አታውጡ። ባህላዊ ቀፎ ያላችሁም ሁሉንም ጠራርጋችሁ አትቁረጡ። አበባ በጠፋበት ወቅት ንቡ ከቀለለ በስኳር ውኃ፣ በበሶ ወይም በሽሮ ደግፉት።

ሁለተኛ፣ ቤቱን በንቡ ልክ አድርጉት። ማር ቆርጣችሁ አበባው ካለቀ ተደራቢውን ሳጥን አንሱ። ንብ ያልሸፈነው ፍሬም ካለ አውጡ። በሩንም አጥብቡት፤ ጥቂት ንብ ጠባብ በር ነው መጠበቅ የሚችለው።

ሦስተኛ፣ ስንጥቁን ድፈኑ። ባህላዊ ቀፎ በእበትና በአመድ እንደገና ይለቅለቅ። ሳጥኑም ቢሆን መገጣጠሚያው ከተከፈተ ይጠገን። ባዶ ቀፎ ንብ ከማስገባታችሁ በፊት በወይራ ወይም በጥንጁት ማጠን የቆየ ልማዳችን ነው፤ ከማጠናችሁ በፊት ግን ሐርና ቆሻሻውን ፍቃችሁ አውጡ።

አራተኛ፣ ወለሉን ጥረጉ። ንብ በሚደክምበት ወቅት በየሁለት ሳምንቱ ክዳኑን ከፍታችሁ፣ ወለል ላይ የወደቀውን የሰም ፍርፋሪ አውጡ። ትሉ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ፍርፋሪውን አጥር ሥር አትድፉት፤ አቃጥሉት ወይ ቅበሩት።

አምስተኛ፣ አሮጌ እንጀራ አታክርሙ። ለብርሃን ይዛችሁት ምንም የማያሳልፍ ጥቁር ከሆነ ጊዜው አልፏል። በየሁለት ሦስት ዓመቱ በየተራ አውጥታችሁ በፍል ውኃ አቅልጣችሁ ሰሙን ለዩ። ሰም ገንዘብ ነው፤ ጧፍ ሠሪው ይፈልገዋል፣ ለቀፏችሁም መልሶ ይታተማል። ትል እስኪበላው ከምትጠብቁ በዚያው ሳምንት አቅልጡት።

ስድስተኛ፣ ለከርሞ የምታስቀምጡት ደህና ፍሬም ካለ ጨለማ ውስጥ አትደርድሩት። ትሉ ብርሃንና ነፋስ አይወድም። ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው፣ ነፋስና ብርሃን ባለበት ቦታ፣ ጣት ጣት ያህል አራርቃችሁ ስቀሉት። ድኝ ማጠን የምታውቁ ካላችሁ፣ ማር በሌለበት ባዶ እንጀራ ላይ ብቻ፣ ከቤት ውጭ፣ ጭሱን ሳትተነፍሱ ይሁን። ድኝ ትሉን ይገድላል፣ እንቁላሉን ግን አይነካም፤ ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በኋላ መድገም ያስፈልጋል።

ሰባተኛ፣ አደራ የምላችሁ ይሄ ነው። ቀፎ ውስጥ ፀረ ተባይ አትርጩ። ትሉም ነፍሳት ነው፣ ንቡም ነፍሳት ነው፤ መድኃኒቱ አይለይም። ናፍታሊንም አታስገቡ፤ ሰሙ ይጠጣውና ማሩ ላይ ይመጣል። የነቀዝ ክኒንማ በፍጹም! እሱ የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። ሰው በሚያድርበት ቤት ለሰም ብላችሁ ክኒን እንዳትጥሉ።

ትሉ ገብቶ ከተገኘስ? ንቡ አሁንም አብዛኛውን እንጀራ ከሸፈነ ተስፋ አለው። የተበላውን ቁረጡ፣ ትሉን ልቀሙ፣ ሐሩን በቢላ ፋቁ፣ ቤቱን አጥብቡ፣ መግቡት። አውራዋ መኖሯንም እዩ፤ አዲስ እንቁላል ካላያችሁ ምናልባት የለችም። ሁለት ደካማ ቀፎ ካላችሁ ማዋሐድ ይሻላል፤ አሠራሩን በአካባቢያችሁ ያለውን ባለሙያ ጠይቁ፣ እኔም ሌላ ቀን እመለስበታለሁ። ንቡ ከሄደ ግን ሳጥኑን እንዲሁ አትተዉት፤ የሰፈሩን ሁሉ ቢራቢሮ የሚያረባ እሱ ነው። እንጀራውን አቅልጡ፣ ትሉን ለዶሮ ስጡ፣ የሳጥኑን ውስጥ በችቦ እሳት ለብ ለብ አድርጉት፤ በመገጣጠሚያው ያለው እንቁላልና ሐር ይቃጠላል።

አሁን የቀረችኝን ላጫውታችሁ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ጠርሙሱን ይዤ እናትየዋ ቤት ሄድኩ። ቡና እያፈሉ ነበር። ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። በመጨረሻ «እትዬ፣ ንብዎን ትል አይደለም የገደለው። ስንቁን የወሰድኩበት እኔ ነኝ። ሳጥኑንም ማንሳት ነበረብኝ። ሲደውሉልኝም መምጣት ነበረብኝ» አልኳቸው። ዝም አሉ። ሲኒውን አቀረቡልኝ። ከዚያ «እኔ ያን ቀን ልቤ ነግሮኝ ነበር» አሉ። «ግን አንተ የተማርክ ነህ ብዬ ዝም አልኩ።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከሰማኋቸው ቃላት እንደዚያ ያለ የከበደኝ የለም። ሰዎች አውቀው ዝም የሚሉት እኛ እንደምናውቅ ሆነን ስለምንቀርብ ነው።

ቢሮ ሄጄ ሪፖርቱን ላስተካክል ብል «የተዘጋ ዓመት ነው፣ ተወው» ተባልኩ። ወረቀቱ ዛሬም «በተባይ» እንዳለ ነው። በጎቹንም መመለስ አልቻልኩም። የቻልኩትን አደረግኩ፦ በጳጉሜን ከሽማግሌው አንድ መንጋ ንብ ገዛሁና አመጣሁላቸው። እሳቸውም በአንድ ነገር ተስማምተው ተቀበሉኝ፤ «ማር ስንቆርጥ በቃ የምለው እኔ ነኝ» አሉ። በጥቅምት ስንቆርጥ ዘጠኝ ኪሎ ላይ «በቃ» አሉ። እኔ ውስጤ «ገና አለ እኮ» ይላል፤ አፌን ግን ያዝኩ። በመጋቢት ስከፍተው ንቡ ፍሬሙን ሞልቶ፣ ወለሉ ላይ ሁለት የሞቱ ትሎች ብቻ ነበሩ። በዚያ ዓመት ግንቦት ብሳናው ሲያብብ መንጋ ወጣለትና ሁለት ሆነ። ዛሬ ሰባት ቀፎ አላቸው። ታናሹ ልጃቸው ነው የሚይዘው፤ ይቺንም ጽሑፍ ሳያነብላቸው አይቀርም።

ለዚያ ፎቶ ለላከልኝ ወንድሜ፦ ምንም አትርጭበት። ዛሬ ማታ ሳይሆን ነገ ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ጭስህን ይዘህ ክፈተው። መጀመሪያ ትሉን አትይ። ስንት ፍሬም በንብ እንደተሸፈነ ቁጠር፣ ማር መኖሩን እይ፣ አዲስ እንቁላል ፈልግ። እሱን ጻፍልኝና ቀጥሎ የሚደረገውን አብረን እናያለን። ባለፈው ጥቅምት ስንት ኪሎ እንደቆረጥክም ንገረኝ። አልቆጣህም። እኔም ቆርጫለሁ።

የሌሎቻችሁንም ቀፎ ፎቶ እጠብቃለሁ። ሰላም ሁኑ።